የማይባለው ነገር መቼ ይባላል?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንወርድ አፍንጮ በርን እናልፋለን። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት የተመታው በዚሁ ሠፈር ነው። በማግሥቱም በስድስት ኪሎ ግቢ ለሐዘን በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ተጨማሪ ሕይወት ጠፋ። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ገዳዩ አይደለም። በዚያ ዘመን የሚያስገድል የነበረው አሳብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንዴት የአገር ሕግ ሊሆን እንደ ቻለ ለመመርመር ነው።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ይህን አጥር የጠበቀው ዘበኛ ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡ ራሱ በየማኅበሩና በየጠጅ ቤቱ ልጁንና ጎረቤቱን «ዝም በል» እያለ ይጠብቀው ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ በመንግሥቱ ላይ ሲነሡ ተማሪዎች ደግፈው ተሰለፉ፤ ሕዝቡ ግን አልተከተላቸውም። ፓትርያርኩ አወገዙ፥ አብዛኛው ጦርም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ቆመ፤ ነገሩ በጥቂት ቀናት አበቃ። ሆኖም የማይባለው አንድ ጊዜ ተብሏልና አጥሩ እንደ ቀድሞው አልጸናም።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄዱ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ለባለርስቱ እብደት ነበር። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ውል ለማሻሻል የተረቀቀው ሕግ እንኳ በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ፤ በዚያ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ባለመሬቶች ነበሩና። ቃሉ ግን ከከተማ ወጣ። ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛት የወረደው ተማሪ ጭሰኛው ከምርቱ ስንቱን እንደሚያስረክብ በዓይኑ አየ፤ ያየውንም ተናገረ። የወሎ ረኃብ ሲገለጥ የተጠራጠረውም ሰው ማመን ጀመረ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን፥ ባለታክሲዎችና ወታደሮች ተነሡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ አወጀ፤ አንድ ቤተ ሰብ የሚያርሰውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዐሥር ዓመት ውስጥ እብደቱ ሕግ ሆነ።

ጆሴፍ ኦቨርተን የተባለ አሜሪካዊ ፖለቲከኛ የሚመርጠው ሕዝብ ሊታገሠው ከሚችለው አሳብ መካከል ነው፤ ስለዚህ ባለሥልጣኑን ከመለመን የሕዝቡን አስተያየት ማስፋት ይቀድማል ብሎ ነበር። የእኛም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል።

ነገር ግን፥ ጓደኞቻችን፥ ራሳችንንም እንመርምር። ተማሪውም በተራው የራሱን አጥር ሠራ። በስብሰባ ላይ የተለየ አሳብ ያመጣ «አድኃሪ» እየተባለ በጩኸት ይወርድ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ከአንድ ግቢ የወጡ ሰዎች ኢሕአፓና መኢሶን ሆነው በጽሑፍ የጀመሩትን ክርክር በጥይት ቀጠሉት፤ በደርግ ቀይ ሽብርም በሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች አለቁ። ወንድሙን ለመስማት ያልታገሠ ትውልድ የሚሰማው ሲያጣ የሚደርስበትን ከዚህ እንማራለን።

ዛሬም ነገሩ አላበቃም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት የግል ባለቤትነትን ሲያነሣ አንዳንዱ በደስታ ሰማው፤ ሌላው «ጭሰኝነት ሊመልሱ ነው» አለ። ትናንት ነውር የነበረው አሳብ ዛሬ አጥር ሆኖ ሌላውን አሳብ በውጭ አቁሞታል። የትኛው እንደሚሻል በዚህ መድረክ አንፈርድም፤ ሁለቱም እስኪጨርሱ ካልተሰሙ ግን ማንም ሊፈርድ አይችልም።

ስለዚህ ማኅበራችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በሚቀጥለው ክርክር አብዛኞቻችን የምንጠላውን አሳብ የያዘው ሰው ቀድሞ ይናገር፤ ሳይጮኽበትም ይጨርስ። ከዚያ በኋላ እንመልስለታለን።