ከኦፕራሲዮን በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ የተጎዳ ዳሌ ወይም ጉልበት በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተተካ በኋላ ስለሚያስፈልገው እንክብካቤ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራውን ዳሌ ካስገኘ ወዲህ፣ ይህ ሕክምና በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል።

ነገር ግን ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ የበሽተኛው ሥራ ይጀምራል። መነሣትን፣ መራመድን፣ ደረጃ መውጣትን እንደገና መለማመድ አለበት። ታዲያ ማን በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሂድ? ማንስ በማገገሚያ ክፍል ይቆይ? ይህ አስቀድሞ ካልታሰበ አንዱ ቤቱ መግባት ሲችል አልጋ ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ደግሞ ሳይጠና ይወጣና ይወድቃል።

በአውስትራልያ፣ በሜልበርን ከተማ፣ ሊዮኒ ኦልድሜዶውና ባልደረቦቿ በዚያው አቆጣጠር በ2003 አንድ መመዘኛ አሳተሙ። ጥያቄዎቹ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሚራመደው የመንገድ ርቀት፣ የሚደገፍበት ምርኩዝ፣ በሳምንት የሚያገኘው የቤት ርዳታ፣ በመጨረሻም የሚያስታምመው ሰው አብሮት መኖሩ ነው። ድምሩ 12 ነው። ከ9 በላይ ያገኘ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል ተብሎ ይገመታል። ከ6 እስከ 9 ያገኘ ተጨማሪ ርዳታ ቢደረግለት ቤቱ ሊገባ ይችላል። ከ6 በታች ያገኘ ግን በማገገሚያ መቆየት ሳያስፈልገው አይቀርም።

አንድ ነገር እናስተውል። ዕድሜ ቢበዛ 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ያለ ምርኩዝ መሄድም 2 ነው። አስታማሚ ያለው ግን 3 ያገኛል፤ የሌለው ምንም አያገኝም። ስለዚህ በአንድ ከዘራ የምትሄድ፣ ሩቅ የማትራመድ፣ የቤት ርዳታ የማይመጣላት የ70 ዓመት ሴት አስታማሚ ካላት 8፣ ከሌላት 5 ታገኛለች። ጉልበቷ ያው ነው፤ የተለየው ቤቷ ነው።

በአገራችን «ሰው አለኝ» ማለት ቀላል ነው፤ ዘመድ የታመመበትን ጥሎ አይሄድምና። ነገር ግን ያ ሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሚስት፣ ልጅ ወይም ምራት ናት። በወረቀቱ ላይ 3 ተብሎ የሚጻፈው የርሷ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ነው፤ አንዳንዴም የምታቋርጠው ትምህርት ነው። እንግዲህ በሽተኛውን ብቻ ጠይቆ ነጥብ መስጠት አይበቃም። እርሷም ራሷ ትጠየቅ፤ በሽተኛን እንዴት እንደሚያነሡና እንደሚደግፉም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ትማር።

ደግሞም መመዘኛው የተሠራው በሜልበርን ኑሮ ነው። ስለ ዝቅተኛ በርጩማና ቁጢጥ ተብሎ ስለሚቀመጡበት መጸዳጃ አይጠይቅም። አዲስ ዳሌ ግን አብዝቶ ሲታጠፍ ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ በአገራችን የሚጠቀምበት ሁሉ የበሽተኛውን ቤት ጭምር ይጠይቅ።

ሕክምናና ነርስነት የምታጠኑ ጓዶቻችን፣ እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃችኋል። የምንለምናችሁ ቢላዋው ከመነሣቱ በፊት እንድትጠይቁ ነው።