ጌጥ ሠሪውና የእኛ ቤት

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም



በጢቾና በዙሪያዋ ባለው የአርሲ ደጋ ሙሽራ ስትወጣ ጨሌ ከአንገቷ፣ አምባር ከእጇ አይጠፋም። የወተት ዕቃው ሳይቀር በዛጎልና በጨሌ ያምራል። ሠርገኛው ሁሉ «ማሻአላህ! እንዴት ያምራል!» ይላል። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጠይቆ ሲነገረውም ፊቱን የሚያጨፈግግ አለ። የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

ድሮ የብር ጌጥ የሚሠራው ከጠገራ ብር ነበር። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ 83 እጅ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። እናቶቻችን ከጥሪታቸው ሁለት ሦስት ጠገራ ይዘው ወደ አንጥረኛው ይሄዱና «አምባር አውጣልኝ» ይሉታል። እርሱም በወናፍ አናፍቶ፣ አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ በጠባብ ቀዳዳ እየሳበ እንደ ክር አቅጥኖ ይሠራዋል። መዳብ ቢጨምርበት ማን ያውቅበታል? ስለዚህ ያ ሰው ምን ያህል እንደታመነ አስቡት። ሀብታችንን በእጁ አስረክበን በመዳፉ የምናምነውን ሰው፣ ከማዕዳችን ለማስቀመጥ እንጠየፋለን።

በአርሲ ቱምቱ፣ በሌላው አካባቢ ቀጥቃጭ ወይም ጠይብ ይባላል። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ነው። ሸክላ የምትሠራዋም ከዚህ አታመልጥም። ስሞቹ የሙያ ስሞች ነበሩ፤ እኛ ስድብ አደረግናቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ዛሬም በገበያ ይሰማል። በብዙ የአገራችን ክፍል ደግሞ «ዓይኑ ይበላል» የሚል ተጨምሮበታል። ዓይን እውነት መሆኑ በሐዲስ የመጣ ነው። ዓይን ከአባት ወደ ልጅ በሙያ ይወረሳል የሚል ግን ከየት አመጣነው? ይህ ከጎረቤት የተማርነው እንጂ ከዲናችን ያገኘነው አይደለም።

እስቲ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን እንመለስ። መካ በተከፈተችበት ቀን የሐረሟ ሣርና ዛፍ እንዳይቆረጥ ተከለከለ። በዚህ ጊዜ አጎታቸው ዐባስ ተነሥተው፣ ኢዝኺር የሚባለው ሣር ለአንጥረኞችና ለቤቶች ስለሚያስፈልግ እንዲፈቀድ ጠየቁ፤ ተፈቀደም። በተከበረው የአላህ ሐረም ሕግ ውስጥ ለአንጥረኛ እሳት ቦታ ተተወለት ማለት ነው!

ከዚህም የሚበልጥ አለ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም ጡት እንዲጠባ የተሰጠው በመዲና ለነበረው አንጥረኛ ለአቡ ሰይፍ ሚስት ነበር። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት፣ ነቢዩ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ አቡ ሰይፍ ወናፉን ያናፋ ስለነበር ቤቱ በጭስ ተሞልቶ ነበር። አነስ ቀድመው ሮጠው መልእክተኛው መምጣታቸውን ነገሩት፤ እርሱም ሥራውን ገታ። ከዚያም ነቢዩ ገብተው ልጃቸውን አቅፈው ሳሙት። ከእኛ መካከል ልጁን በቱምቱ ቤት ጡት የሚያስጠባ ማን አለ? ሰይፍ ሠሪ የነበረው ኸባብ ኢብኑል አረትም ቀድመው ከሰለሙት ሶሓቦች አንዱ ነው። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት ተለስልሶላቸው ጥሩር ይሠሩ እንደነበርና ቀለበቶቹን እንዲመጥኑ እንደታዘዙ በሱረቱ ሰበእ ተነግሯል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ሶላቱን የሚሰግድ፣ በጠባዩ የተመሰገነ የአንጥረኛ ልጅ ሴት ልጃችሁን ቢጠይቅ ምን ትሉታላችሁ? አንዳንዱ ወንድማችን «በኪታብ ከፋኣ የሚባል አለ» ይላል። እውነት ነው፤ በእኛ አካባቢ የሚቀራው የሻፊዒያ ፊቅህ የጋብቻን መመጣጠን ሲያነሳ ሙያንም ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ ይህ የልጅቷና የወሊይዋ መብት ነው፤ እነርሱ ከተውት ኒካሑ ትክክል ነው። ኢማሙ ማሊክማ መመጣጠንን በዲን አይተውታል። በአቡ ዳውድ እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኒ በያዳን፣ ዋግምት አውጪ ለነበረው ለአቡ ሂንድ እንዲድሩለትና ከእርሱም እንዲያገቡ አዘዋቸዋል። ዋግምት አውጪነት ደግሞ በዐረቦች ዘንድ የተናቀ ሙያ ነበር። እንግዲህ «ባህላችን አይፈቅድም» የሚል አባት ባህሌ ይበል፤ በኪታቡ አያሳብብ።

ከሠሪው ጋር በገንዘብ የምንገናኝበትም መንገድ አለ፤ በዚህ ብዙ እኅቶቻችን ሳያውቁ ይሳሳታሉ። አሮጌ ወርቃቸውን ይዘው ወርቅ ቤት ይገባሉ፤ አሮጌው ይመዘናል፣ አዲሱ ይሰጣቸዋል፣ ልዩነቱን በብር ይጨምራሉ። ወርቅ በወርቅ ሲለወጥ ግን ሚዛኑ እኩል፣ ርክክቡም እጅ በእጅ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሪባ ነው። በኸይበር ጊዜ ፈዷላህ ኢብኑ ዑበይድ ወርቅና ጨሌ የተሰካበት ሐብል በ12 ዲናር ገዛ። ፈትቶ ቢያየው ወርቁ ብቻ ከ12 ዲናር በልጦ ተገኘ። ለነቢዩ ሲነግራቸው፣ እንዲህ ያለው ሳይፈታና ሳይለይ እንዳይሸጥ አዘዙ። ኢብኑ ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይም ለሠሪው ድካም ጭማሪ መክፈልን የፈቀዱ ቢሆንም አብዛኞቹ ዑለማእ አልተስማሙበትም።

መውጫው ቀላል ነው። አሮጌውን ሽጣችሁ ገንዘቡን በእጃችሁ ተቀበሉ፤ ከዚያም ከፈለጋችሁበት ሱቅ አዲሱን ግዙ። ወይም ወርቃችሁን ለአንጥረኛው ሰጥታችሁ ያንኑ ወርቅ በአዲስ ቅርጽ ይሥራላችሁ፤ እናንተም የእጁን ዋጋ ክፈሉት። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል። እናቶቻችን ጠገራቸውን ይዘው የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ሠሪውም ከእጁ ሥራ ይበላል። በማሽን የተሠራ ርካሽ የውጭ ጌጥ ገበያውን በሞላበት በዚህ ጊዜ ይህ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው። አንጥረኛ ወንድሜ፣ አንተም ወርቁን በባለቤቷ ፊት መዝነህ ተቀበል፤ ስትመልስም በፊቷ መዝን። በማቅለጥና በመሞረድ የሚጎድል ካለ አስቀድመህ ንገራት።

ጨሌ የምትደረድረዋን እኅትም አንርሳ። «ይህ እኮ ክርና ጠጠር ነው» እያልን የሳምንት ድካሟን ዋጋ እናወርዳለን። ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ስታደርስም ለሠርጉ ማግስት ሳትቀጥሯት ያን ዕለት ክፈሏት፤ የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ታዘናልና። እርሷንም ለሠርጉ ጥሯት፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር በአንድ ትሪ ትብላ።