ብስክሌት ከመኪና ኋላ፦ መጫኛን ስለ መምረጥ



የዛሬው ርእሴ ተራ የሚመስል ዕቃ ነው፤ ከፍ ባለ የቤት መኪና ኋላ፣ በተጎታች ማያያዣ ላይ የሚገጠም የብስክሌት መጫኛ። መሣሪያው በስፋት የተለመደው በሰሜን አሜሪካ ነው። ማያያዣው ከመኪናው ሻንሲ ጋር በቡሎን የታሰረ፣ አፉ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ሲሆን፣ የመጫኛው ግንድ በዚያ አፍ ገብቶ በፒን ይቆለፋል። ገዢው ሱቅ ሲደርስ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ብስክሌት ይይዛል?» ብሎ ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «መኪናዬ ከኋላው ስንት ኪሎ ይሸከማል?» የሚለው ነው እላለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከመግዛትም መለካት ይቅደም።

የማያያዣው አፍ ስፋት በአብዛኛው 1¼ ኢንች ወይም 2 ኢንች ነው። በሰሜን አሜሪካ አመዳደብ የአንደኛው ደረጃ ማያያዣ የሚፈቀድለት ቁልቁል ጫና 200 ፓውንድ፣ ማለትም 91 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የሁለተኛው ደረጃ ደግሞ 350 ፓውንድ፣ 159 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሆኖም የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። መጫኛውም ለእያንዳንዱ ብስክሌት የራሱ የክብደት ወሰን አለው። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ገዢው ትንሹ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መጫኛው 30 ኪሎ ግራም፣ በላዩ የሚጫኑት ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ድምሩ 80 ኪሎ ግራም ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.80 ሜትር፣ ከኋላ ጎማዎች እስከ ሸክሙ መካከለኛ ነጥብ ያለው ደግሞ 1.40 ሜትር ይሁን። ሸክሙ ከኋላ ጎማዎች አልፎ ስለተንጠለጠለ የፊቱን ያነሣል፤ የፊት ጎማዎች 40 ኪሎ ግራም ሲቀልላቸው የኋላዎቹ 120 ኪሎ ግራም ይጨመርባቸዋል። መሪ የሚታዘዘው በፊት ጎማዎች ነውና ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። በኋላ ወንበር የተቀመጡ ሰዎችና ሻንጣዎች ሲታከሉበት፣ የመኪናውን ጠቅላላ የመሸከም ወሰን ማየት ግዴታ ይሆናል።

ይህ ስሌት መኪናው በቆመበት ነው። መንገዱ ሲያነጥረውና ሸክሙ የመሬት ስበትን ያህል ፍጥንጥን ወደ ላይ ሲያገኝ፣ 80 ኪሎ ግራም የነበረው ለቅጽበት እንደ 160 ኪሎ ግራም ይጫናል። ብዙ አምራቾች ለኮረኮንች መንገድ የሚፈቅዱትን ክብደት የሚቀንሱት ስለዚህ ነው።

ርቀትም እንደ ክብደት ይቆጠራል። በውኃ የተሞላ ባልዲ ደረቱ አጠገብ የያዘ ሰውና ክንዱን ዘርግቶ የያዘ ሰው፣ ባልዲው አንድ ሆኖ ሳለ ድካማቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ ከባዱ ብስክሌት ሁልጊዜ ወደ መኪናው ይጠጋ። ማያያዣውን የሚያስረዝም ተጨማሪ ብረት የሚገዛ ሰውም የተፈቀደው ክብደት በእጅጉ እንደሚቀንስበት ይወቅ።

ወደ ዓይነቶቹ ስንመጣ፣ ብስክሌቱን በላይኛው የፍሬም ዘንግ የሚያንጠለጥለው መጫኛ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብስክሌቶቹ እየተወዛወዙ ይጋጫሉ፤ የላይኛው ዘንግ ለሌላቸው ብስክሌቶችም አይመችም። ጎማዎቹን በመደብ ላይ አስቀምጦ የሚይዘው ራሱ ከባድ ነው፤ ግን የተሻለ ያረጋጋል። ፍሬማቸው ከካርቦን ፋይበር ለተሠራ ብስክሌቶች፣ ፍሬሙን ሳይነካ ጎማን ብቻ የሚይዘው ይመረጣል፤ ካርቦን ጥርቅም ብሎ ሲጨመቅ ሊሰነጠቅ ይችላልና።

የመኪናው የኋላ በር አከፋፈትም ወሳኝ ነው። ወደ ላይ ለሚከፈት በር ወደ ታች የሚያዘነብል መጫኛ ይበቃል። በአገራችን በብዛት እንደምናያቸው እንደ ቆዩት ቪታራዎች በሩ ስኮርታ ጎማ ተሸክሞ ወደ ጎን የሚከፈት ከሆነ ግን ማዘንበሉ አይረዳም፤ ከነሸክሙ ወደ ጎን የሚዞር መጫኛ ያስፈልጋል። ከስኮርታው የሚተርፈውንም ክፍተት አስቀድሞ መለካት ይገባል። ማያያዣው ኳስ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለኳስ የተሠራ መጫኛ እንጂ የካሬው አይሆንም።

ግንዱ በቱቦው ውስጥ ቢላላ፣ እያንዳንዱ ንቅናቄ ብረቱን ጥቂት በጥቂት ያደክመዋል። ስለዚህ ልልነቱን የሚያጠብቅ ቡሎን ያለውን መምረጥ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ቆሞ ደግሞ ማጥበቅ መልካም ነው። ጎማ ከማርሚታው ትኩስ ጭስ ፊት እንዳይውል፣ ታርጋና ፍሬቻም እንዳይሸፈኑ ይታይ።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምጠይቀው ለብስክሌቱ ዋጋ ሳስቶ አይደለም። በፍጥነት መንገድ ላይ የተፈታ ሸክም የሚወድቀው ከኋላ በሚመጣው ሰው ፊት ነው። ያ ሰው ምናልባት ሞተር ብስክሌት እየነዳ ይሆናል፤ መጫኛውን አልመረጠም፣ ቡሎኑንም አላጠበቀም። በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ትንሹን ቁጥር ስናከብር የምንጠብቀው ከሁሉ በፊት እርሱን ነው።