«ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው?»
ስለ ጃዝ ሙዚቃ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት ጃዝ ስለሚባለው ሙዚቃ ነው። ከእናንተ መካከል «ከማሽካንታና ከልጆች ትምህርት የሚበልጥ ጉዳይ ጠፍቶ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ስለ ልጆቻችን ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ሳክስፎን መማር እፈልጋለሁ» ሲል በብዙ ቤት የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ይባላል። ልጁ አማርኛው ባይገባው እንኳ ንቀቱ ይገባዋል። ይህን ጥያቄ ዛሬ በቁም ነገር እንመልሰው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃዝ ከየት መጣ?

ጃዝ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ ማለትም በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ፣ ኒው ኦርሊንስ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። የፈጠሩት ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። የሥራ ዘፈናቸውን፣ መዝሙራቸውንና ብሉዝ የሚባለውን የሐዘን ዜማ ከሰልፍ ባንድ መሣሪያ ጋር አዋሐዱት።

ከዚያች ከተማ የወጣው ሉዊስ አርምስትሮንግ በ1901 ተወለደ። ያደገው በድህነት ነው። በልጅነቱ ካርኖፍስኪ ለሚባል ከሊትዌኒያ ለተሰደደ የአይሁድ ቤተሰብ በጋሪ ላይ ይሠራ ነበር። በ1969 በእጁ በጻፈው ማስታወሻ እንደሚተርከው፣ የመጀመሪያዋን ጥሩምባ ከዕቃ ማስያዣ ሱቅ የገዛት እነርሱ ባበደሩት ገንዘብ ነው። ዋጋዋ አምስት ዶላር ነበር። ቤተሰቡም ቢሆን ድሃና አዲስ መጤ ነበር። ያቺ ትንሽ ብድር የዓለምን ሙዚቃ የለወጠ ሰው አፈራች።

«እንደ መጣለት» መጫወት ነውን?

የጃዝ ልዩ ጠባይ ሙዚቀኛው መድረክ ላይ ቆሞ አዲስ ዜማ ወዲያው መፍጠሩ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው «እንደ መጣላቸው ይነፋሉ» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዘፈኑ ልክ አለው። አንዱ አሥራ ሁለት ቤት፣ ሌላው ሠላሳ ሁለት ቤት ሆኖ ይዞራል። ባሱና ከበሮው ምቱን ይይዛሉ፤ ፒያኖው የድምፁን መሠረት ያነጥፋል። ተራው የደረሰው ሙዚቀኛ በዚያ መሠረት ላይ የራሱን ይሠራል፤ ሌሎቹ እያዳመጡ ይደግፉታል። ሲጨርስ ለጓደኛው ይለቃል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተያይዘው ወደ መጀመሪያው ዜማ ይመለሳሉ።

ይህ የሚገኘው በልምምድ ነው። ስመ ጥሩው ሳክስፎኒስት ቻርሊ ፓርከር በወጣትነቱ ለሦስትና ለአራት ዓመት በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት ይለማመድ እንደነበር በ1954 በሬዲዮ ተናግሯል። በ1940ዎቹ ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ ሚንተንስ በሚባል ትንሽ ቤት ሙዚቀኞች ሌሊቱን አብረው እየተጫወቱ ይፈታተኑ ነበር። ያልተዘጋጀ ሰው ደፍሮ ወደ መድረክ ቢወጣ ወዲያው ይታወቅበታል። ዛሬም «ጃም» የሚባለው የምሽት ጨዋታ እንደዚያው ነው።

አዝማሪን አንናቀው

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በአገራችን አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲቀመጥ አንድ እንግዳ «ተቀበል!» ይለውና ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ያንን ግጥም በዜማው ላይ አስተካክሎ፣ የራሱን ጨምሮ፣ ሳቅና ቁም ነገር አዋሕዶ ወዲያው ይመልሳል። ቅኝቱ የታወቀ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ። በታወቀ ቅኝት ውስጥ ያልታወቀ ነገር መፍጠር፣ ከአድማጭ ጋር መቀባበል፣ ይህ ነው ጥበቡ። የጃዝ ሙዚቀኛውም ሥራ ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ በኮሌጅ የሚያስተምሩትን ጥበብ እኛ ስድብ አድርገን ይዘነዋል።

ወገኖቼ፣ እኛ መናቅ ምን እንደሆነ እናውቃለን። አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ሠሩ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሩ፤ ገበሬው በማረሻው እያረሰ፣ በእንስራው እየቀዳ «ባለ እጅ፣ ቡዳ» ብሎ ሰደበን። በእጁ ሙያ የተሰደበ ሕዝብ የሌላውን የእጅ ሙያ ሊሰድብ አይገባውም። ደግሞም ቄሶቻችን በግዕዝ ሲጸልዩ አንዱ ሲያነሣ ሌሎቹ ሲቀበሉ፣ በበዓል ነጋሪቱና ቃጭሉ ሲመታ ያደገ ልጅ ጆሮው ባዶ አይደለም። ጸሎት ጨዋታ አይደለም፤ ያንን አናምታታም። ነገር ግን ያ ዜማ በጽሑፍ ሳይሆን በጆሮና በልብ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ሀብት ነው።

ከኢየሩሳሌም እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደዚህ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ከዚህ አገር ጋር የቆየ ግንኙነት አለው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አርባ አርመናውያን የሙት ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛውና የሌሎቹ ባንዶች ዘመን መጣ።

በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው መሐንዲስ እንዲሆን ነበር። እርሱ ግን ሙዚቃን መረጠ፤ በለንደን፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ቦስተን ተማረ። የእኛን አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከጃዝ ስምምነት ጋር አዋሕዶ «ኢትዮ ጃዝ» አለው። ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮት ሠርቷል። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ (1935–2016) የጀግናውን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን ነፋ፤ በስተርጅናው ከሆላንድ ባንድ ጋር አውሮፓን ዞረ።

በ1974 ደርግ መጣ። የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሌሊቱ ሙዚቃ ታፈነ፤ ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ። ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ሲታተም ዓለም ፈለገው፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ያ ሁሉ ዓመት ጣቶቹን ባያሠራ ኖሮ ሲጠሩት ምን ይዞ ይቀርብ ነበር?

እዚህ አገር ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓሊያ ያደረገው ሳክስፎኒስት አባተ በሪሁን አለልን። ከፒያኒስቱ ከይጽሐቅ የዲድ ጋር «ራስ ዳሽን» የሚባል ቡድን አቋቁሞ የኢትዮጵያን ቅኝት፣ የጸሎት ዜማንና ጃዝን አገናኝቷል። ጃዝ እዚህ እንግዳ አይደለም። የኤይላቱ ፌስቲቫል የተጀመረው በ1987 ነው። ከዚህ አገር የወጡ ሙዚቀኞችም በኒው ዮርክ ታላላቅ መድረኮች ላይ ይጫወታሉ። በኢየሩሳሌም የሚዘጋጀው «ሁሉገብ» ፌስቲቫልም የእኛን ሙዚቀኞች ከሌሎች ጋር ሲያገናኝ ቆይቷል።

መድረክ ያለ አድማጭ አይቆምም

የጃዝ ቤት ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ትርፉም ትንሽ ነው። በአዲስ አበባ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝ አምባ ጥር 2015 ላይ በእሳት ወደመ። አንድ መድረክ ሲጠፋ የሚጠፋው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ ታላቁን አይቶ የሚማርበት ቦታ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የእኛ ልጅ የሚጫወትበት ምሽት ሲኖር በነፃ ግቢ አንጠብቅ። ለሠርግ ዘፋኝ ገንዘብ ግንባሩ ላይ የምንለጥፍ ሰዎች ለመግቢያ ቲኬት መሰሰት አይገባንም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጁ መሣሪያ ሲጠይቅ በስድብ አንመልሰው። በማትናስ ወይም በሙዚቃ ትምህርት ቤት መሣሪያ በውሰት ወይም በኪራይ ይገኝ እንደሆነ፣ ሚልጋም እንዳለ እንጠይቅ። ያልጠየቀ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ከፈቀድን በኋላ ሥርዓት እንጠብቅ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መለማመድ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመልፋት ይሻላል። ጎረቤት እንዳይቆጣ ሰዓቱን አስቀድመን እንነጋገር።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱን አይተው። በሙዚቃም ባግሩት መፈተን ይቻላል። በጻሃልም ጎበዝ ሙዚቀኞች እያገለገሉ ልምምዳቸውን እንዲቀጥሉ የሚፈቅድ ደንብ አለ፤ ልጁ ከመጥሪያው በፊት ይጠይቅ። በሙዚቃ ብቻ መኖር ከባድ መሆኑን ግን አንደብቀው። ብዙዎቹ ቀን እያስተማሩ ማታ ይጫወታሉ።

አራተኛ፣ አብረን ሄደን እንስማ። ባይገባንም የመጀመሪያውን ዜማ በጆሯችን እንያዝ፤ አንዱ ሙዚቀኛ ሲጨርስ እናጨብጭብ፤ ዜማው ሲመለስ እናውቀዋለን። ልጁም አባቱንና እናቱን ከፊቱ ተቀምጠው ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እናንተም ወጣቶች፣ ቤታችሁ ያለውን አትናቁ። አያታችሁ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ በስልካችሁ ቅዱ፤ ስለ ትዝታና ስለ ባቲ ጠይቁ። ቋንቋችሁ እብራይስጥ ቢሆንም ያንን ዜማ ከእናንተ በቀር እዚህ አገር የሚነፋው ማነው?

እንግዲህ «ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው?» ለሚል ወላጅ መልሴ ይህ ነው፤ ቢሆንስ? በልምምድ የጠነከረ፣ ሌላውን ማዳመጥ የሚያውቅ፣ ተራውን የሚጠብቅና «ተቀበል» ሲሉት የሚመልሰው ያለው ሰው ይሆናል። እንዲህ ያለ ልጅ ወላጁን አያሳፍርም።

 አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።