የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔና እኛ
(አፉላ መሀል ከተማ፣ በአዲስ ገቢዎች አቀባበል ላይ የተደረገ ንግግር)



ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. እኛ በዘመቻ ሰሎሞን ስንወጣ፣ በዚያው ዕለት ሻዕቢያ አስመራ ገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ኤርትራውያን ድምፅ ሰጡ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይሆንም» ብቻ ነበር። ከመቶ 99.8 የሚሆኑት ነጻነትን መረጡ።

ውጤቱን እዚሁ አፉላ በሬዲዮ ስሰማ አለቀስኩ። «የተወለድኩባት አገር ስትከፈል እኔን የጠየቀኝ የለም» አልኩ። አስመራ የተወለደችው ጎረቤቴ ግን እልል አለች። ሁለት ወንድሞቿን ያ የሠላሳ ዓመት ጦርነት በልቶባታል። ለእኔ ሐዘን የሆነው ለእሷ ከሐዘን መውጫ ነበር። ቢሆንም ቡና መጠራራታችንን አልተውንም።

ድምፁ ድንበር ለየ እንጂ ሰላም አላመጣም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ ሁለት ዓመት ፈጀ። የሰላም ስምምነት በ2010 ዓ.ም. ቢፈረምም፣ የሞቱት አልተመለሱም።

ወገኖቼ፣ በዚህ አገር ብዙ ኤርትራውያን ታገኛላችሁ። ስለ ድምፁ ባትስማሙም ሰላምታ አትንፈጓቸው። ቂም ለልጅ ስንቅ አይሆንም።