«መሬት ለአራሹ» ያለው ተማሪ ለራሱ ምን ጠየቀ?

(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ተማሪው ትግል ሲወራ ሁላችንም «መሬት ለአራሹ»ን እናነሳለን። ይገባዋልም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ያን መፈክር ይዞ ከወጣው ሰልፈኛ ውስጥ ለመሆኑ ስንቱ ጭሰኛ ነበር? በ1958 ዓ.ም. ድሆች ሾላ ታጉረው ሲገኙ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብሎ የጮኸውም ተማሪው ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ስድስት ኪሎ አስከሬኑን ከበው በተሰበሰቡት ላይ የክብር ዘበኛ ወታደር ተኮሰ።

እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን የሚያዝያ 1993 ዓ.ም.ን ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያን ጊዜ ምን ጠየቀ? ሥልጣን? የለም! ጋዜጣችን ይፈቀድልን፣ ማኅበራችን ነፃ ይሁን፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣልን ነው ያለው። በቃ፣ ይኸው ነው። መልሱ ቆመጥና ጥይት ሆነ። ረብሻው ወደ ከተማ ሲወጣ ከ30 ያላነሰ ሰው ሞተ፤ በሺህ የሚቆጠር ታሰረ፤ ድንበር አቋርጦ ኬንያ የገባውም ብዙ ነው። በዚያው ሰሞን ለተማሪው ንግግር ያደረጉት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ታሰሩ። (ንግግር ማድረግ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው!)

ለመሆኑ ያን ጊዜ ወንበር ላይ የነበሩት ከየት መጡ? ሕወሓትን በ1967 ዓ.ም. ከመሠረቱት አብዛኞቹ እኮ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በመፈክር ያደገ ሰው መፈክር ሲሰማ ለምን ይደነግጣል?

እኔ መልሱን የምፈልገው ከዚያው ከንቅናቄው ውስጥ ነው። ኢሕአፓና መኢሶን የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ግን በየመንገዱ ተገዳደሉ፤ ደርግም ሁለቱንም ተራ በተራ በላቸው። መብት መጠየቁን ያውቁበታል፤ የማይስማማቸውን ሰው «አድኃሪ» ሳይሉ ቁጭ ብሎ መስማቱን ግን የት ይማሩት? ጋዜጣው ሲዘጋ፣ ማኅበሩ ሲታገድ ሁሉም ኅቡዕ ገባ። ኅቡዕ ውስጥ ደግሞ ክርክር የለም፣ ትእዛዝ ነው ያለው።

ስለዚህ የ1993ቱን ጥያቄ «ትንሽ ናት» የሚል ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ። ተማሪ ጓደኛውን በጋዜጣ ወርፎት ማታ ካፌ አብሮት እራት ቢበላ ምን ነበረበት?

ወላጆች፣ ልጃችሁን «አርፈህ ተማር» እንደምትሉት አውቃለሁ፤ እኔም እላለሁ። ለእረፍት ሲመጣ ግን ማኅበራችሁን ማን መረጠው? ጋዜጣስ አላችሁ ወይ? ብላችሁ ጠይቁት።

ጥያቄ ካለ እሰማለሁ።