ከእማዬ ጋር አንድ ቅዳሜ

በማኅበራችን የኅዳር ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የዛሬውን ፕሮግራም ያዘጋጀችው እህታችን ስለ ጤናና ስለ ቁጠባ ትንሽ ተናገሪ ስትለኝ ሳቄ ነው የመጣው። እኔን የምታውቁ ታውቁኛላችሁ፤ በሁለቱም የምመሰገን ሰው አይደለሁም። የማውቀው ነገር ቢኖር አንድ ቅዳሜ ነው። እሱን ልንገራችሁ።

እማዬ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣች አራት ዓመት አለፋት። ለሰው ስናገር "ብቻዋን ስለሆነች ላሳርፋት ብዬ ነው ያመጣኋት" እላለሁ። ይሄ እውነት ነው። ሌላው እውነት ደግሞ ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ ጊዜ የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም፤ እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ቀን ይነዳል፣ የሞግዚት ዋጋ ደግሞ ከደመወዜ አይተናነስም። ከሁለቱ የትኛው ምክንያት እንደሚቀድም እኔም አውቃለሁ፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ እማዬ "ትኬት ቁረጪልኝ" አለችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል ነው ያለችው። ምን ጎደለብሽ ብዬ ዘረዘርኩላት፤ ክፍል አለሽ፣ ቴሌቪዥን አለሽ፣ ስልክ አለሽ፣ ሐኪም አለሽ። ጨርሼ ዝም ስል "ልጄ፣ እኔ እኮ እዚህ ሞግዚት ነኝ" አለችኝ። ከዚያ ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመረች።

ሌላም ጣጣ ነበረብን። ስኳሯ ከፍ ብሎ ሐኪሟ በሳምንት 150 ደቂቃ በእግሯ እንድትሄድ አዝዟት ነበር። ስተረጉምላት ሳቀች። "እንጦጦን በሸክም የወጣሁ ሴት ዛሬ መራመድ ልማር?" አለች። እሷ ያደገችውም የወለደችውም ሽሮ ሜዳ ነው። ከባሕር ዛፉ ጫካ ቅጠል ጠርጋ፣ ጭራሮ ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ አሳድጋናለች። ማታ ማታ ደግሞ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ፈትሏን ሸማኔዎቹ ይገዟታል። እናም እግሯ አልሰነፈም። የሚወጣበት ምክንያት ነው ያጣው።

በዚያ ላይ ካፖርት የላትም። የላትም ስል ልትለብሰው ፈቃደኛ አይደለችም ማለቴ ነው። ባለፈው ዓመት 130 ዶላር አውጥቼ ጥሩ የላባ ጃኬት ገዝቼላት ነበር። ዋጋው ከነወረቀቱ እንደተንጠለጠለ ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ። ውጭ መውጣት ካለባት ሁለት ሹራብ ደርባ ከላይ ጋቢ ትለብሳለች። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! ለፍቼ የገዛሁትን ናቀችብኝ ብዬ ጎረቤት ድረስ ሄጄ አልቅሻለሁ።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ገደማ ነው፣ በፈረንጆቹ የኦክቶበር መጨረሻ። ትንሹ ልጄ ከአባቱ ጋር ቀረ። ትልቁ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አስተማሪው ቅጠል ሰብስባችሁ አምጡ ብላቸው ስለነበረ "አያቴም ትምጣ" ብሎ እጇን ይዞ ጎተታት። ለእሱ እምቢ አትልም። ጋቢዋን ለብሳ ወጣን።

ስላይጎ ክሪክ ከቤታችን በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ጅረቱን ተከትሎ ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የእግር መንገድ አለው፤ ቅዳሜና እሑድ ከጎኑ ያለው አስፋልት በከፊል ለመኪና ስለሚዘጋ ልጅ ይዞ ለመሄድ ይመቻል። አራት ዓመት ሙሉ በመኪና አልፌው አልፌው እናቴን አንድ ቀን አላወረድኳትም።

እንደገባን ቆመች። ዛፉ ሁሉ ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካን ሆኗል። እኔ "አያምርም?" ስላት እሷ የምታየው መሬቱን ነበር። ቅጠሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። "ይሄ ሁሉ ማገዶ!" አለች። "አይለቅሙትም እንዴ?" ሰዎቹ በየግቢያቸው የወደቀውን በትልልቅ የወረቀት ከረጢት እያሸጉ መንገድ ዳር እንደሚያወጡት፣ የካውንቲው መኪና መጥቶ እንደሚወስደው ነገርኳት። አላመነችኝም። ስንመለስ አንዱ ደጅ ላይ ስድስት ከረጢት ተደርድሮ አይታ አንዱን በእጇ አነሳችው፤ ክብደቱን ልትመዝን ነው መሰለኝ። "የሁለት ምጣድ" አለች።

ወደ ውስጥ ስንዘልቅ አንድ ትልቅ ዛፍ አየች፤ ልጡ የተላጠ፣ ግንዱ ነጭ የሆነ። "ባሕር ዛፍ!" ብላ ጥላን ሄደች። ሲካሞር የሚሉት ነው፤ ልጡ ሲላጥ እውነትም የእኛን ባሕር ዛፍ ይመስላል። ቅጠሉን አንስታ በመዳፏ አሽታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ትንሽ ቆየችና ጣለችው። "አይሸትም" አለች። ምን እንደምላት አላወቅኩም።

ልጄ ግን ትምህርቱን ይዞ መጥቷል። ቅጠል በጋ ላይ አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፊል በሚባል ነገር እንደሆነ፣ ቀኑ እያጠረ ሲመጣ ዛፉ እሱን መሥራት እንደሚያቆም፣ ቢጫው ግን ያኔ የሚመጣ ሳይሆን ድሮም ቅጠሉ ውስጥ የነበረ መሆኑን፣ ቀዩ ብቻ አዲስ እንደሚሠራ በግማሽ አማርኛ በግማሽ እንግሊዝኛ አስረዳት። እኔ ተረጎምኩ። "ቢጫው ድሮም ነበረ?" ብላ ሁለቴ ጠየቀችው። ከዚያ እሷ በተራዋ አስተማረችው፤ እኛ አገር በዚህ ሰሞን ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ አበባ የሚለብስበት መፀው እንደሆነ፣ መስከረም "ጠባ" እንደሚባል፣ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ተብሎ ሥጋ እንደሚበላ። "እዚህ ሲመሽ እዚያ ይነጋል ማለት ነው" አለች። ልጄ ስለ ሰዓት ልዩነት የምታወራ መስሎት "አዎ፣ ሰባት ሰዓት ይቀድሙናል" አላት።

አንድ ሰዓት ተኩል ሄደን አልደከማትም። እኔ ነኝ የደከምኩት። ነፋሱ ግን ከጋቢው ጋር ይታገላል፤ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። መኪናውን አስነስተን ሳለ ከቤታችን ብዙም የማይርቅ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ትዝ አለኝ። ለልጄ ቦት ጫማ ፈልጌ ስለነበረ እግረ መንገዳችንን ገባን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ከእነዚህ ቤቶች ስገዛ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከየት ገዛሽው ስትሉኝ ግን የትልልቆቹን መደብሮች ስም የምጠራው ውሸቴን ነው። ያደግነው ሳልባጅ ለባሽ መባል ስድብ በሆነበት ሰፈር ነው። አገራችን ልባሽ ጨርቅ ማስገባት እንኳ በሕግ የተከለከለ ነው። እማዬም የሞተ ሰው ልብስ ይሆናል ብላ እንደምትሸሽ ነበር የጠበቅኩት።

ገብታ ዙሪያውን አየች። "ይሄማ ምናለሽ ተራ ነው!" አለች። ፊቷ ሲበራ አራት ዓመት አይቼው አላውቅም። መርካቶን የምታውቁ ምናለሽ ተራን ታውቃላችሁ፤ ያረጀው የተሰበረው ሁሉ ተጠግኖ የሚሸጥበት። "ልዋጭስ አላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ሳፋ የሚለውጠው ነጋዴ ማለቷ ነው። የለም፣ እዚህ ሰው ልብሱን በነጻ ነው የሚጥለው ስላት "ሳፋም ሳይወስዱ?" አለች።

ከዚያ በኋላ እኔን አላየችኝም። የካፖርቱን መስመር ከጫፍ ጀምራ በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች። ዓይኗን አትጠቀምም፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መሀል ጨርቁን ታሻለች፣ "ናይሎን"፣ ታልፋለች፣ "ድብልቅ"፣ ታልፋለች። እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ውስጡ የተሰፋውን ጽሑፍ አያለሁ። አንድም አልሳተችም። አንዱ ላይ ስትደርስ ብቻ ተጠራጠረችና ክብሪት እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ክር መዝዛ ልታቃጥል ነው! ሱፍ ሲቃጠል የጠጉር ሽታ አለው፤ ናይሎን ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። እባክሽ እማዬ፣ ፖሊስ ይጠሩብናል አልኳት።

በመጨረሻ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት አወጣች። ስፌቱን ገልብጣ አየች፣ ብብቱን አየች፣ ቁልፎቹን ቆጠረች፤ አንድ ጎድሎ ነበር። "ቁልፍ እኔ አለኝ" አለች። ዋጋው 14 ዶላር። እዚያ ቤት በየሳምንቱ የአንድ ቀለም ወረቀት ያለበት ዕቃ በግማሽ ይሸጣል፤ የእሷ ካፖርት የዚያ ሳምንት ቀለም ሆኖ ተገኘና 7 ዶላር ሆነ። ካርዴን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ። ከመቀነቷ ውስጥ የተጠቀለለ 10 ዶላር አወጣች። እህቴ ባለፈው ፋሲካ ለልጆቹ ብላ ከሰጠቻት ላይ የተረፈ ነው። ከካሸሯ ጋር በጣቷ ልትከራከር ሞከረች፤ አምስት አድርጊልኝ ነው የምትለው። ሴትየዋ ሳቀች። 42 ሳንቲም ቀረጥ ሲጨመርበት "ለአሮጌ ልብስም ቀረጥ?" አለች፣ ግን ከፈለች። መልሱን ሁለት ዶላር ከ58 ሳንቲም ሁለቴ ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የገባኝ። እናቴ አሜሪካ ከመጣች በገዛ እጇ ገንዘብ ከፍላ ዕቃ ስትገዛ የመጀመሪያዋ ነበር። ሽሮ ሜዳ እያለች ፈትሏን ሸጣ፣ ተከራክራ፣ መርጣ የምትኖር ሴት፣ እዚህ ሁሉ ነገር የሚሰጣት ሆና ነበር። የ130 ዶላሩን ጃኬት ያልለበሰችው ንቃኝ አልነበረም። አንድ ተጨማሪ ዕዳ ነበር የሆነባት።

ይሄን የማነሳው ከፊታችን ያለውን የካፖርት ስብሰባ በማሰብ ነው። በየዓመቱ ለአዲስ ገቢ እህቶቻችን የምትለግሱትን ልብስ በጥቁር ከረጢት አሽገን፣ በልክ ገምተን፣ "ይኸውልሽ" ብለን ነው የምንሰጣቸው። ተቀባዮቹ አመስግነው ይወስዳሉ፤ ስንቱ እንደ እማዬ ጃኬት ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚቀር እግዜር ይወቀው። በፈረንጆቹ 1902 ቦስተን ውስጥ ጉድዊልን የጀመረው ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ ሀብታሞች ሰፈር እየዞረ አሮጌ ልብስ ሰብስቦ፣ ሥራ ያጡ ሰዎችን በጥገናው ቀጥሮ ነበር ለሽያጭ ያቀረበው። የእኛም አዳራሽ መስቀያ ለመደርደር ይበቃል። ልብሱን እንስቀለው፣ መስታወት እናቁም፣ እህቶቻችን ዳስሰው ይምረጡ። አንድ ዶላርም ቢሆን ዋጋ ይኑረው የሚል ሐሳብ አለኝ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ ያዣችን እንደማትስማማ አውቃለሁ፣ ከስብሰባው በኋላ እንነጋገራለን። ለጋሾቻችን ደግሞ፣ እባካችሁ ቁልፉ የጎደለውን አትጣሉት፣ አምጡት። የሚተክል ሰው አለን።

ትኬቱን በተመለከተ፣ እማዬ ሐሳቧን አልለወጠችም። ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ ትላለች፤ እኔም እሺ ብያለሁ፣ ልጆቹን የማደርግበትን ገና አላውቅም። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስላይጎ ክሪክ እንወርዳለን። ባለፈው ሳምንት ሁለት እናቶች ተጨምረው አምስት ሆነናል። ቅጠሉ አብዛኛው ረግፏል፣ ሰዓቱም ተቀይሮ ማታ በ11 ሰዓት ይጨልማል፤ ስለዚህ በጠዋት ነው የሚሻለው። ጓንት ያዙ።

እማዬ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ካፖርቷን አዳራሹ ውስጥም አላወለቀችም። ሰማያዊ ቁልፍ አጥታ አረንጓዴ ነው የተከለችበት፣ ስትወጡ ታዩታላችሁ። አሁን በእጇ "ይብቃሽ፣ ቡናው ቀዘቀዘ" እያለችኝ ነው።